በአሜሪካ ስንገበያይ ሴልስ ታክስ የማይከፈልባቸው ዕቃዎች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አንድ ዓይነት አስቤዛ ገዝታችሁ ሲልቨር ስፕሪንግ (ሜሪላንድ) የምትከፍሉት ታክስና አሌክሳንድሪያ (ቨርጂኒያ) የምትከፍሉት ታክስ አይገናኝም። ሲያትል፣ ዳላስ፣ ሚኒያፖሊስ ወይም ዴንቨር ላላችሁ ደግሞ ሒሳቡ ሌላ ነው። ብዙ ሰው ሬሲቱን ሳያይ ኪሱ ይከተዋል፣ ወይም እዚያው ይጥለዋል። ሕጉ ግን በብዙ ቦታ የቤተሰብን ዋና ወጪ፣ ማለትም ምግብን፣ መድኃኒትን፣ የሕፃን ዳይፐርን ሆን ብሎ ከታክስ አውጥቷል። ልጅ ለሚያሳድግና ደሞዙን አብቃቅቶ ለሚኖር ሰው ይህን ማወቅ ትልቅ ነገር ነው። መልሶቹ ያተኮሩት ሐበሻ በብዛት በሚኖርባቸው ስቴቶች ላይ ነው።

ሴልስ ታክስን የሚጥለው ማን ነው? ለምን በየቦታው ይለያያል?

አገር ቤት የለመድነው ቫት አንድ የፌዴራል ሕግ ነው። አሜሪካ ውስጥ ግን የፌዴራል ሴልስ ታክስ የሚባል ነገር የለም። ታክሱን የሚጥለው ስቴቱ ነው። በብዙ ስቴቶች ካውንቲውና ከተማው የራሳቸውን ይጨምሩበታል። ለምሳሌ የቴክሳስ ስቴት ታክስ 6.25 በመቶ ነው። ከተሞችና ሌሎች የአካባቢ አስተዳደሮች እስከ 2 በመቶ መጨመር ስለሚችሉ ጣሪያው 8.25 ይሆናል። ሜሪላንድ ውስጥ ግን የካውንቲ ጭማሪ የለም፤ የትም ብትገዙ መደበኛው ታክስ 6 በመቶ ነው። ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥም አካባቢው የሚወስደው ተደምሮ 6 በመቶ ይሆናል።

የስቴት ሴልስ ታክስ ጨርሶ የሌላቸው አምስት ናቸው፤ ኦሪገን፣ ደላዌር፣ ሞንታና፣ ኒው ሃምፕሻየርና አላስካ። አላስካ ላይ ግን አንዳንድ ከተሞች የራሳቸው ታክስ አላቸው።

ነጻ የሚደረገው ገዢው ነው ወይስ ዕቃው?

ለተራ ሸማች ዕቃው ነው። የቀረውን ነገር ለመረዳት መነሻው ይሄ ነው። ዜግነታችሁን፣ የመኖሪያ ፈቃዳችሁን ወይም ገቢያችሁን የሚጠይቃችሁ ካሸር የለም። ዳይፐር ነጻ በሆነበት ስቴት ትናንት የገባ ሰውም ሆነ ሠላሳ ዓመት የኖረ ሰው እኩል ነጻ ይገዛዋል። ማመልከቻ የለም፣ ፎርም የለም። ማሽኑ ራሱ ነው የሚለየው።

ቀጥሎ ሕጉ የሚያየው ዕቃው በምን መልክ እንደተሸጠ ነው። ጥሬ ነው ወይስ የበሰለ? ታሽጎ ነው ወይስ በሳህን? ቤት ተወስዶ የሚበላ ነው ወይስ እዚያው? ያው ዶሮ፣ ያው ቡና፣ ያው እንጀራ በአንዱ መልክ ነጻ፣ በሌላው ታክስ ያለበት ሊሆን ይችላል።

አስቤዛ ታክስ አለበት?

በብዙ ስቴቶች የለበትም። በሜሪላንድ፣ በዲሲ፣ በቴክሳስ፣ በሚኒሶታ፣ በዋሽንግተን ስቴት፣ በካሊፎርኒያ፣ በኔቫዳ፣ በኦሃዮ፣ በኒው ዮርክና በፔንሲልቬኒያ ቤት ወስደን የምናበስለው ምግብ ከሴልስ ታክስ ነጻ ነው። ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ አትክልት፣ ዱቄት፣ ዘይት፣ ሩዝ፣ ምስር፣ ሽሮ ሁሉም እዚህ ውስጥ ይገባሉ።

ቨርጂኒያ ትንሽ ለየት ትላለች። ስቴቱ ምግብ ላይ ይወስድ የነበረው 1.5 በመቶ ከጥር 2023 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ጀምሮ ቀርቷል። አካባቢው የሚወስደው 1 በመቶ ግን አለ። ስለዚህ የ150 ዶላር አስቤዛ ላይ አንድ ዶላር ከሃምሳ ሳንቲም ትከፍላላችሁ። ከዚያ በላይ ካያችሁ ከዕቃዎቹ ውስጥ ምግብ ያልሆነ ወይም የበሰለ ነገር አለ ማለት ነው።

ጆርጂያም ተመሳሳይ ነው፤ ስቴቱ ምግብ ላይ 4 በመቶውን አይወስድም፣ ካውንቲውና ከተማው ግን የየራሳቸውን ይወስዳሉ። አትላንታና አካባቢው ላይ ምግብ ገዝታችሁ ታክስ የምታዩት ለዚህ ነው። ኮሎራዶም ምግብን ከስቴቱ ታክስ ነጻ አድርጓል፤ ከተሞች ግን በራሳቸው የመወሰን መብት አላቸው። ዴንቨርና አውሮራ ለቤት የሚገዛ ምግብን ነጻ አድርገዋል። ሌላ ከተማ ስትሄዱ ግን ያው ነው ብላችሁ አታስቡ።

ምግብ ላይ እስካሁን ታክስ የሚያስከፍሉም አሉ። ቴነሲ 4 በመቶ ይወስዳል፣ የአካባቢው ይጨመርበታል። ሳውዝ ዳኮታ ምግብን ከሌላው ዕቃ አይለይም። ካንሳስ ግን በየዓመቱ እየቀነሰ መጥቶ ከጥር 2025 ጀምሮ የስቴቱን ድርሻ ዜሮ አድርጎታል። የምግብ ታክስ ላይ ሕጉ በየጊዜው እየተለወጠ ስለሆነ፣ ስቴት ከቀየራችሁ የአዲሱን ስቴት የታክስ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ አንዴ ማየት ጥሩ ነው።

እንጀራ፣ በርበሬ፣ ጤፍ፣ ቡናስ?

ከሐበሻ ሱቅ ስለተገዙ የሚለወጥ ነገር የለም። ጤፍ ዱቄት ነው። በርበሬ፣ ሚጥሚጣ፣ ኮረሪማ ቅመም ናቸው። የታሸገ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ምግብ ነው። ጥሬ ቡናም ሆነ የተቆላ ቡና በኪሎ ሲሸጥ እንደ አስቤዛ ይቆጠራል። ማር፣ ቅቤ፣ አይብ እንዲሁ። አስቤዛ ነጻ በሆነበት ስቴት እነዚህም ነጻ ናቸው።

እንጀራ ላይ ትንሽ ቆም እንበል፤ ጥያቄው እዚህ ጋ ይበዛል። ከሱቅ መደርደሪያ ላይ የምታነሱት የታሸገ እንጀራ እንደ ዳቦ ነው፤ አስቤዛ ነው። ያንኑ እንጀራ ከምግብ ቤት ስትገዙ ግን ነገሩ ሊለወጥ ይችላል። አንዳንድ ስቴቶች የሻጩንም ዓይነት ያያሉ። ቨርጂኒያ ውስጥ ከጠቅላላ ሽያጩ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው ለወዲያው የሚበላ የተዘጋጀ ምግብ የሆነበት ቤት የአስቤዛውን ዝቅተኛ ታክስ መጠቀም አይችልም። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ 1 በመቶ የነበረው እንጀራ ምግብ ቤት ውስጥ በሙሉው ታክስ ሊሸጥ ይችላል። ባለቤቱ ሊያታልላችሁ ፈልጎ አይደለም፤ ሕጉ ነው የሚያስገድደው። ሜሪላንድም ነጻነቱን የሰጠው በዋናነት የአስቤዛ ንግድ ላላቸው ቤቶች ነው። በየሳምንቱ ብዙ እንጀራ የምትገዙ ከሆነ ከሱቅ መግዛቱ ያዋጣል።

ሥጋ ቤትም እንደዚሁ ነው። ለክትፎ ተፈጭቶ በኪሎ የተመዘነ ጥሬ ሥጋ አስቤዛ ነው። በቅቤና በሚጥሚጣ ተለውሶ፣ ከእንጀራ ጋር በሳህን ከቀረበ ግን የተዘጋጀ ምግብ ነው፤ ታክስ አለበት። ቡናም እንዲሁ፦ ፍሬው ነጻ፣ በስኒ የተቀዳው ታክስ ያለበት። ካሊፎርኒያ እዚህ ላይ ልዩ ናት፤ ለብቻው ተገዝቶ የሚወሰድ ትኩስ መጠጥ ላይ ታክስ አታስከፍልም።

ጀበና፣ ስኒ፣ ረከቦት፣ መሶብ፣ ዕጣንና የዕጣን ማጨሻ ግን ምግብ አይደሉም። ከቡናው ጋር አንድ ላይ ብትገዟቸውም ታክስ አለባቸው። ሬሲቱ ላይ ቡናው ያለ ታክስ፣ ስኒው ከነታክሱ መውጣት አለበት።

ሶዳ፣ ከረሜላና ውሃስ?

እዚህ ላይ ስቴቶቹ ፈጽሞ አይስማሙም። ሜሪላንድ፣ ቴክሳስና ሚኒሶታ ሶዳና ከረሜላን ከምግብ አይቆጥሩም፤ ሙሉ ታክስ ይከፈልባቸዋል። ዲሲ ደግሞ ለስላሳ መጠጥ ላይ ከመደበኛው ከፍ አድርጎ 8 በመቶ ይወስዳል። ቨርጂኒያ ሁለቱንም ከምግብ ጋር ስለምትደምር 1 በመቶ ብቻ ነው። ዋሽንግተን ስቴትና ካሊፎርኒያ ከረሜላን ነጻ አድርገው ሶዳን ያስከፍላሉ።

ሚኒሶታ ውስጥ የሚገርም ነገር አለ። በሕጉ መሠረት ዱቄት ያለበት ጣፋጭ ከረሜላ አይባልም። ስለዚህ ውስጡ ብስኩት ያለው እንደ ትዊክስ ያለ ቸኮሌት ነጻ ነው፤ ከጎኑ ያለው ዱቄት የሌለበት ቸኮሌት ግን ታክስ አለበት። ማሽኑ የተሳሳተ ሊመስላችሁ ይችላል፤ ትክክል ነው።

ተራ የታሸገ ውሃ በአብዛኛው እንደ ምግብ ይታያል።

ምግብ ቤት በልቼ ስወጣ ለምን ያን ያህል ይበዛል? ይዤ ብሄድስ?

የተዘጋጀ ምግብ የትም ቢሆን ነጻ አይደረግም ማለት ይቻላል። ብዙ ቦታ እንዲያውም ተጨማሪ የምግብ ቤት ታክስ አለ። ዲሲ ውስጥ ምግብ ቤት 10 በመቶ ነው። አሌክሳንድሪያ 6 በመቶው ሴልስ ታክስ ላይ የከተማውን 5 በመቶ ትጨምራለች። ቤተሰብ ይዛችሁ የ150 ዶላር ምግብ ብትበሉ ታክሱ ብቻ 16 ዶላር ከ50 ይሆናል። ያው 150 ዶላር በአስቤዛ ቢሆን አንድ ዶላር ከሃምሳ ነበር። ልዩነቱ ይሄን ያህል ነው።

ይዞ መሄድ በአብዛኛው ስቴት ምንም አይለውጥም። ትኩስ ዶሮ ወጥ በካርቶን ቢታሸግም የተዘጋጀ ምግብ ነው። ኦሃዮ ግን ይለያል፤ ቤቱ ውስጥ ከተበላ ታክስ አለ፣ ምግቡ ተይዞ ከተወጣ የለም። ኮለምበስ ያላችሁ ምግብ ስታዙ ይዛችሁ የምትሄዱ መሆኑን አስቀድማችሁ ተናገሩ። ሶዳው ግን ተይዞም ታክስ አለበት።

ሱፐርማርኬት ውስጥ ያለው የተጠበሰ ትኩስ ዶሮና በሚዛን የሚሸጠው የሰላጣ ጠረጴዛም እንደ ምግብ ቤት ነው የሚታዩት። ዶሮው ጥሬ ከሆነ አስቤዛ ነው፤ ተጠብሶ ትኩስ ከሆነ አይደለም።

በፉድ ስታምፕ ስከፍል ታክስ ልጠየቅ እችላለሁ?

አትጠየቁም። ይሄ የፌዴራል ሕግ ነው፤ የትኛውም ስቴት ሊሽረው አይችልም። በኢቢቲ ካርድ፣ ማለትም ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው መንግሥት በሚሰጠው የምግብ ድጋፍ (ፉድ ስታምፕ) ሒሳብ በተገዛ ምግብ ላይ የስቴትም ሆነ የአካባቢ ሴልስ ታክስ መውሰድ ክልክል ነው። የቨርጂኒያው 1 በመቶም፣ የአትላንታው የአካባቢ ታክስም፣ የቴነሲው 4 በመቶም አይሠራም። በዊክ፣ ማለትም ለእናቶችና ለሕፃናት በሚሰጠው የምግብ ድጋፍ፣ የተገዛ ምግብም እንዲሁ ነው።

ልብ በሉ፤ ከፊሉን በኢቢቲ፣ ከፊሉን በራሳችሁ ገንዘብ ስትከፍሉ በራሳችሁ ገንዘብ የተሸፈነው ክፍል ላይ የተለመደው ሕግ ይሠራል። ሳሙናና የመጸዳጃ ወረቀት ደግሞ በፉድ ስታምፕ ስለማይገዙ እነሱ ላይ ታክሱ ይኖራል። ለወላጆቻችሁ ወይም አዲስ ለመጣ ዘመድ አብራችሁ ስትገዙ ይህን ነጥብ አስረዷቸው። እንግሊዝኛ ስላልለመዱ ብቻ ዝም ብለው የማይገባቸውን የሚከፍሉ አሉ፤ ያ ያሳዝነኛል።

የሕፃን ዳይፐርና የሴቶች የንጽሕና መጠበቂያስ?

በዚህ ጉዳይ ላለፉት ጥቂት ዓመታት ጥሩ ለውጥ መጥቷል። ዳይፐር ለወላጅ ቅንጦት አይደለም፤ በየሳምንቱ የሚገዛ ነው። ለረጅም ጊዜ ግን ብዙ ስቴቶች እንደ ማንኛውም ዕቃ ሲያስከፍሉበት ኖረዋል።

ካሊፎርኒያ ከጥር 2020 ጀምሮ ሁለቱንም ነጻ አድርጋለች። ሜሪላንድ ከሐምሌ 2022 ጀምሮ ዳይፐርን፣ ጡጦንና የሕፃን የመኪና መቀመጫን ነጻ አድርጋለች፤ የጥርስ ብሩሽና የጥርስ ሳሙናም ተጨምረዋል። ቨርጂኒያ ከጥር 2023 ጀምሮ ዳይፐርንና የሴቶችን የንጽሕና መጠበቂያ እንደ ምግብ ወደ 1 በመቶ አውርዳለች። ቴክሳስ ከመስከረም 2023 መጀመሪያ አንስቶ ዳይፐር፣ የሕፃን መጥረጊያ፣ ጡጦ፣ የእርጉዝ ሴት ልብስና የሴቶች የንጽሕና መጠበቂያ ላይ ታክስ አይወስድም። ኔቫዳ ውስጥ ሕዝቡ በድምፁ ስላጸደቀው ዳይፐር ከጥር 2025 ጀምሮ ነጻ ነው። ሚኒሶታ፣ ፔንሲልቬኒያ፣ ኒው ጀርሲና ዲሲም ነጻ ካደረጉት ውስጥ ናቸው።

የአዋቂ ዳይፐርም ብዙ ቦታ አብሮ ነጻ ነው። አረጋዊ እናት ወይም አባት የምታስታምሙ ይህን አትርሱ።

መድኃኒትስ?

በሐኪም ትእዛዝ የሚወጣ መድኃኒት በሁሉም ስቴት ማለት ይቻላል ነጻ ነው። ኢሊኖይ ብቻ 1 በመቶ ትወስዳለች። ያለ ትእዛዝ የሚገዛው፣ ማለትም የራስ ምታት፣ የጉንፋን፣ የሆድ መድኃኒት፣ በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያ፣ በዲሲ፣ በቴክሳስ፣ በሚኒሶታና በኒው ዮርክ ነጻ ነው። በካሊፎርኒያና በዋሽንግተን ስቴት ግን ታክስ አለበት። እነዚህ ሁለቱ ውስጥ ካላችሁ፣ ዘወትር የምትወስዱት ነገር ካለ ሐኪማችሁ በትእዛዝ ሊጽፍላችሁ ይችል እንደሆነ ጠይቁ።

ቫይታሚን ሌላ ነገር ነው። ቴክሳስ ነጻ ታደርገዋለች፤ ሚኒሶታና ዋሽንግተን ስቴት ያስከፍሉበታል።

ልብስና ጫማ ነጻ የሚሆኑት የት ነው?

ሚኒሶታ፣ ፔንሲልቬኒያና ኒው ጀርሲ ልብስና ጫማን ዓመቱን ሙሉ ነጻ አድርገዋል። የክረምት ካፖርትና ቦት ጫማም ይጨምራል፤ ሚኒሶታ ለሚኖር ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ጌጣጌጥና የእጅ ቦርሳ ግን እንደ ልብስ አይቆጠሩም።

ኒው ዮርክ ከተማ ውስጥ አንዱ ዕቃ ከ110 ዶላር በታች ከሆነ ነጻ ነው። 110 ከደረሰ ሙሉው ዋጋ ላይ ታክስ ይታሰባል። ማሳቹሴትስ ለሰው የሚስማማ አሠራር አላት፤ እስከ 175 ዶላር ነጻ፣ ከዚያ በላይ ያለው ትርፍ ላይ ብቻ ታክስ። የ200 ዶላር ጃኬት ስትገዙ ታክስ የምትከፍሉት በ25 ዶላሩ ላይ ነው።

ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ፣ ቴክሳስ፣ ዋሽንግተን ስቴትና ካሊፎርኒያ ልብስ ላይ ታክስ ያስከፍላሉ። ከእነዚህ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ግን በነሐሴ (ኦገስት)፣ ትምህርት ሊከፈት ሲል፣ ታክስ የሌለበት ጊዜ አላቸው።

ታክስ ፍሪ የሚባለው ሳምንት እንዴት ነው የሚሠራው?

ሜሪላንድ ውስጥ ከነሐሴ ሁለተኛው እሑድ እስከ ተከታዩ ቅዳሜ ድረስ 100 ዶላርና ከዚያ በታች የሆነ ልብስና ጫማ ነጻ ነው። የትምህርት ቤት ቦርሳም የመጀመሪያው 40 ዶላር ላይ ታክስ የለውም። ቨርጂኒያ ሦስት ቀን ትሰጣለች፤ የነሐሴ መጀመሪያ ዓርብ፣ ቅዳሜና እሑድ። 100 ዶላርና ከዚያ በታች የሆነ ልብስና ጫማ፣ 20 ዶላርና ከዚያ በታች የሆነ የትምህርት ቁሳቁስ ነጻ ነው። ቴክሳስም በነሐሴ መጀመሪያ ላይ ከ100 ዶላር በታች ለሆነ ልብስ፣ ጫማ፣ ቦርሳና የትምህርት ቁሳቁስ እንዲሁ ታደርጋለች።

ገደቡ የሚታየው በእያንዳንዱ ዕቃ ነው እንጂ በድምሩ አይደለም። የ60 ዶላር ጫማ ለአራት ልጅ ብትገዙ ድምሩ 240 ቢሆንም ሁሉም ነጻ ነው። ኦንላይን የተገዛም ይካተታል። ልጆች ያላችሁ የዓመቱን ጫማና ዩኒፎርም ለዚያ ጊዜ ብታቆዩት መልካም ነው።

ኦንላይን ስገዛ ቀድሞ ታክስ አልነበረም፤ አሁን ለምን መጣ?

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሰኔ 2018 በሳውዝ ዳኮታና ዌይፌር በተባለው ድርጅት መካከል በነበረው ክርክር ውሳኔ ሰጠ። ከዚያ በፊት ሻጩ በእናንተ ስቴት ውስጥ ቢሮ ወይም መጋዘን ከሌለው ታክስ የመሰብሰብ ግዴታ አልነበረበትም። ከውሳኔው በኋላ ስቴቶች ከሩቅ የሚሸጡትንም እንዲሰበስቡ ማስገደድ ቻሉ። አሁን በአብዛኛው ታክሱ የሚሰላው ዕቃው በሚላክበት አድራሻ ነው። ነጻ የሆነ ዕቃ ግን ኦንላይንም ነጻ ነው።

ደላዌር ሄጄ ብገዛ አያዋጣም?

ስትገዙ ታክስ አይጠየቅም፤ ያ እውነት ነው። ሜሪላንዶች ወደ ደላዌር የገበያ ማዕከሎች የሚሄዱት ለዚህ ነው። ነገር ግን ዕቃውን ለመጠቀም ወደ ቤታችሁ ይዛችሁ ስትመለሱ፣ የራሳችሁ ስቴት ያንኑ ያህል የአጠቃቀም ታክስ የመጠየቅ መብት አለው። ሕጉ ራሳችሁ አሳውቃችሁ እንድትከፍሉ ይጠይቃል። ነዳጁንና የመንገድ ክፍያውን ስትደምሩበት ደግሞ ለትንሽ ዕቃ ጉዞው አያዋጣም። ልብስ ከሆነ ፔንሲልቬኒያ ላይም ያው ነው።

ቤተ ክርስቲያናችን ወይም ዕድራችን ያለ ታክስ መግዛት ይችላል?

እዚህ ብዙ ኮሚቴዎች ይቸገራሉ። ድርጅቱ ከፌዴራል መንግሥት የበጎ አድራጎት ፈቃድ ስላለው ብቻ ከስቴት ሴልስ ታክስ ነጻ አይሆንም። ፌዴራሉ የሰጠው ለገቢ ግብር ነው። ለሴልስ ታክስ በሜሪላንድና በቴክሳስ ከስቴቱ የታክስ መሥሪያ ቤት ለብቻው ማመልከትና ማረጋገጫ መያዝ ያስፈልጋል። ካሊፎርኒያና ዋሽንግተን ስቴት ደግሞ ለቤተ እምነቶች አጠቃላይ ነጻነት አልሰጡም።

ማረጋገጫው ከተገኘ በኋላ ክፍያው ከድርጅቱ ሒሳብ ይውጣ። ለበዓል ድግስ ፕላስቲክ ሳህንና ወንበር የሚገዛው አባል በግል ካርዱ ከፍሎ በኋላ ከካዝና ቢተካለት ነጻነቱ ላይሠራ ይችላል። ገንዘብ ያዡ የድርጅቱን ካርድ ወይም ቼክ ለገዢው መስጠት አለበት። የቤተ ክርስቲያኑን ወረቀት ለግል ዕቃ መጠቀም ደግሞ ሕግ መጣስ ነው፤ ጣጣው ለድርጅቱ ይተርፋል።

ዕድር በአብዛኛው የአባላት መረዳጃ ስለሆነ እንደ በጎ አድራጎት የተመዘገበ ካልሆነ ይህ አይመለከተውም።

ሱቅ አለኝ። ለመሸጥ የምገዛው ዕቃ ላይ መክፈል አለብኝ?

የለባችሁም። በሴልስ ታክስ የተመዘገበ ነጋዴ ለአከፋፋዩ የመልሶ መሸጫ ማረጋገጫ ሰጥቶ ያለ ታክስ ይገዛል። ታክሱን የሚከፍለው የመጨረሻው ሸማች ነው። ለቤታችሁ ወይም ለሱቁ አገልግሎት የምታውሉት፣ ለምሳሌ መጥረጊያ፣ ሚዛን፣ መደርደሪያ ግን በዚህ አይገባም።

ኩፖን ታክሱን ይቀንሳል?

የሱቁ የራሱ ኩፖን ከሆነ በአብዛኛው ይቀንሳል፤ ታክሱ የሚታሰበው ከቅናሹ በኋላ ነው። የአምራቹ ኩፖን ከሆነ ግን በብዙ ስቴቶች ታክሱ በሙሉው ዋጋ ላይ ነው፤ ምክንያቱም አምራቹ ልዩነቱን ለሱቁ ይከፍለዋል።

በስህተት ታክስ ብከፍል እንዴት አውቃለሁ? ማስመለስስ ይቻላል?

ሬሲቱ ላይ ከእያንዳንዱ ዕቃ ዋጋ ጎን አንድ ፊደል ወይም ምልክት አለ። ታክስ ያለበትንና የሌለበትን የሚለየው እሱ ነው። ፊደሉ ከሱቅ ሱቅ ስለሚለያይ ቀላሉ መንገድ ይሄ ነው፦ በእርግጠኝነት ታክስ ያለበትን አንድ ዕቃ፣ ለምሳሌ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙናን ፈልጉና የሱን ምልክት እዩ። ከዚያ ዳይፐሩ ወይም ሩዙ ጎን ያው ምልክት ካለ ጠይቁ። ታክሱ ግርጌ ላይ በሁለት ወይም በሦስት መስመር ተከፍሎ ከመጣ ደግሞ የተለያየ መጠን ያላቸው ዕቃዎች አሉ ማለት ነው።

ሌላም የሚያደናግር አለ። ዲሲ፣ አርሊንግተን፣ አሌክሳንድሪያና ፌርፋክስ ውስጥ ለፕላስቲክ ከረጢት 5 ሳንቲም ይከፈላል። ያ ሴልስ ታክስ አይደለም። የራሳችሁን ከረጢት ይዛችሁ ከሄዳችሁ አይመጣም።

ስህተቱ የሚፈጠረው ብዙ ጊዜ ዕቃው ማሽኑ ውስጥ ሲመዘገብ ነው። ትናንሽ ሱቆች ውስጥ ሕጉ ከተለወጠ በኋላ ሳያስተካክሉት ይቀራል። ሬሲቱን ይዛችሁ ሱቁ ጋ ተመለሱ፤ በደህና ቃል «ይህ ዕቃ እዚህ ስቴት ነጻ ነው፣ ልታዩልኝ ትችላላችሁ?» በሉ። ባለሱቁ የታክሱን ልዩነት መልሶ ማሽኑንም ያስተካክላል፤ ከእናንተ በኋላ ለሚመጣውም ይጠቅማል። ሱቁ እምቢ ካለ የስቴቱ የታክስ መሥሪያ ቤት የተመላሽ ጥያቄ ወይም ጥቆማ ይቀበላል። ለዚህ ሬሲቱ የግድ ያስፈልጋል። በሙቀት የሚታተም ሬሲት ቶሎ ስለሚደበዝዝ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት።